የተነጠቀ ስልክ ሌባው እጅ ላይ ከጥቅም ውጭ እንዲሆን ሕግ ያስገድድ?

ተከራካሪ ሀ፦
በቅርቡ እህቴ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ስልኳን ተነጠቀች። ያንገበገበኝ ከቀፎው ዋጋ ይልቅ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ነጣቂዎቹ ሲም ካርዷን አውጥተው ሌላ ቀፎ ውስጥ ሲከቱት የማረጋገጫ ቁጥሮች ሁሉ ወደ እነርሱ መግባት ጀመሩ፤ ቁጥሩን እስክናዘጋ ድረስም የመልእክት አካውንቷን ከፍተው ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ቸግሮኛል፣ ብር ላኩልኝ» እያሉ ጽፈዋል። ሲም ካርድ ሦስት ጊዜ ሲሳሳቱበት የሚዘጋ የራሱ የሚስጥር ቁጥር እንዳለው ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። መቆለፊያው አለ፤ ባለቤቱ ፈልጎ ካላበራው ግን አይሠራም። ስለዚህ «ተጠንቀቁ» ብሎ ሕዝብን ከመምከር ይልቅ አምራቹና አገልግሎት ሰጪው መቆለፊያውን አብርተው እንዲያስረክቡ በሕግ መገደድ አለባቸው እላለሁ። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሕግ፣ ከሐምሌ 2015 ጀምሮ ተሠርተው እዚያ የሚሸጡ ስማርት ስልኮች ባለቤቱ ከርቀት ሊዘጋቸው የሚችል መቆለፊያ እንዲኖራቸው ደንግጓል።

ተከራካሪ ለ፦
በእህትዎ ላይ የደረሰው ያሳዝናል። እኔ ግን ስልክ ጠጋኝ ነኝ፤ ተቆልፈው ከሚመጡልኝ ስልኮች ብዙዎቹን የሚያመጧቸው የገዛ ባለቤቶቻቸው ናቸው። አንዲት እናት ልጃቸው ከዱባይ የላከላቸውን ስልክ የሰፈር ልጅ ፎርማት ቢያደርግላቸው ስልኩ የቀድሞውን አካውንት ይለፍ ቃል ጠየቃቸው፤ አካውንቱን የከፈተላቸው ሌላ ሰው በመሆኑ መልሱን አያውቁትም። በእኔ በኩል እርሳቸውን ከሌባ የምለይበት መንገድ የለኝም። ሌባውስ ቢሆን ምን ይጎዳል? የተቆለፈውን ስልክ ፈታትቶ ስክሪኑንና ባትሪውን ይሸጠዋል።

ተከራካሪ ሐ፦
የቀፎ ምዝገባ አለመነሳቱ ይገርመኛል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2010 ዓ.ም. እንደጀመረው ዓይነት አሠራር፣ ባለ15 አሃዙ የቀፎ መለያ ቁጥር ተመዝግቦ የተሰረቀው ከኔትወርክ ቢታገድ አይበቃም?

ተከራካሪ ለ፦
አይበቃም። መለያ ቁጥሩ በሶፍትዌር የሚቀየርባቸው ቀፎዎች አሉ፤ ድንበር የተሻገረ ስልክም እዚህ መታገዱ አያስጨንቀውም።

ተከራካሪ ሀ፦
ስለ እናቲቱ ያነሱት ልክ ስለሆነ ሐሳቤን አሻሽላለሁ፦ ሕጉ መቆለፊያውን ሲያስገድድ፣ ባለቤቱ ደረሰኝና መታወቂያ አቅርቦ የሚያስከፍትበትን ቦታም አብሮ ያስገድድ። ስክሪንና ባትሪውን ፈታትቶ መሸጡን በተመለከተ ግን መፍትሔው አሁንም ዲዛይን ነው። አፕል በ2024 መቆለፊያውን ወደ ውስጥ ዕቃዎች ስላሰፋው ከተቆለፈ ስልክ የተፈታ ዕቃ በሌላ ስልክ ላይ እንደልብ አይሠራም።

ተከራካሪ ለ፦
ልጃቸው ስልኩን በሰው እጅ ነው የላከው፤ ደረሰኝ የላቸውም። ስልኩ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል። መክፈቻው በማን እጅ እንደሚሆንና ደረሰኝ የሌለው ባለቤት በምን እንደሚታመን በግልጽ ሳይጻፍ ይህን ሕግ አልደግፍም።