ፖስተሩን ብሸጠው ለሠዓሊው ምን ያህል ይገባዋል?

የምኖረው ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ኮንሰርት ላይ በእጅ የታተመ፣ ሠዓሊው ራሱ በእርሳስ ቁጥር ጽፎ የፈረመበት ፖስተር በ50 ዶላር ገዛሁ። የታተመው 150 ቅጂ ብቻ ነው። አሁን አንድ ሰብሳቢ 400 ዶላር ልስጥህ አለኝ። የቤት ኪራይ አለብኝ፤ ገንዘቡ ያስፈልገኛል። ነገር ግን ቀለም በቀለም ላይ እየደረበ የደከመበት ሰው ባዶ እጁን ቀርቶ እኔ 350 ዶላር ማትረፌ እንቅልፍ ነሣኝ።

እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የካሊፎርኒያ ሕግ ከዳግም ሽያጭ 5 በመቶ ለሠዓሊው ያስከፍል ነበር፤ ያውም ለሥዕልና ለቅርጻ ቅርጽ እንጂ ለፖስተር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ፍርድ ቤት አብዛኛውን ሻረው። ስለዚህ የሚያስገድደኝ የለም።

5 በመቶ ልላክለት ወይስ የትርፉን ግማሽ? ምጽዋት መስሎት ቢቀየመኝስ? እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ ገዢው የሚጠብቀኝ እስከ ዓርብ ብቻ ነው።