አምባሰሉ ከአልበሙ ይልቅ በሬዲዮ ለምን አማረ?

ጠያቂ፣ ከደሴ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምወደው የከተማችን ባንድ ብዙ የደከመበትን አልበም ካወጣ በኋላ አምባሰሉን፣ ማለትም በአምባሰል ቅኝት የሚዜመውን ዘፈን፣ በአንድ የሬዲዮ ጣቢያ በቀጥታ ሲጫወት ሰማሁት። በአልበሙ ላይ ኪቦርዱ፣ የኮምፒውተር ከበሮውና የተደራረበው የተቀባዮች ድምፅ ማሲንቆውን ውጠውታል። በሬዲዮው ግን ድምፃዊቷ ስንኙን ስትጨርስ ማሲንቆው የመጨረሻዋን ድምፅ ተቀብሎ ሲያስረዝማት፣ እርሷም እርሱን ጠብቃ ቀጣዩን ስንኝ ስታነሣ ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማል። ሙዚቀኞቹ እነዚያው ሆነው ሳለ ይህ ሁሉ ልዩነት ከምን መጣ?

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፦
በድምፅ ቅጂ ሥራ ላይ ስላለሁ አልበሙን ደጋግሜ አዳምጬዋለሁ፤ ጉዳቱ በዋናነት ከአውቶቲዩን፣ ማለትም የድምፅን ከፍታና ዝቅታ ከሚያርመው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ ማረሚያ በተለመደው አጠቃቀሙ ድምፅን ኦክታቭን (ከአንድ ድምፅ እስከ ቀጣዩ ከፍ ያለ አቻው ያለውን ርቀት) በ12 እኩል ቦታ ከሚከፍለው የፒያኖ ቅኝት ጋር ያስማማል። ባለ አንድ ጭራው ማሲንቆ ግን በአንገቱ ላይ ድምፅ የሚወስን ምልክት ስለሌለው ተጫዋቹ ጣቱን እያንሸራተተ በድምፆች መካከል ይመላለሳል፣ ድምፃዊቷም ትከተለዋለች። በአምባሰል ከመነሻው ቀጥሎ ያለው ድምፅ የሚርቀው በግማሽ ድምፅ (ከ12ቱ ክፍል በአንዱ) ብቻ በመሆኑ፣ እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ የምታንቀጠቅጠውን ማረሚያው እንደ ስሕተት ቆጥሮ ደልድሎታል። በዚያ ላይ ሁሉም ለየብቻው ከክሊክ (በጆሮ ማዳመጫ ምቱን ከሚቆጥር ድምፅ) ጋር ስለተቀዳ ማንም ማንንም አልጠበቀም።

መልስ፣ ከወልድያ፦
በማረሚያው ጉዳይ እስማማለሁ፤ ስቱዲዮን በጅምላ መውቀስ ግን አይገባም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የመሠረተው አምሃ ሪከርድስ ያሳተማቸው ሸክላዎች ዛሬም የሚደመጡት ድምፃዊውና ባንዱ አብረው እየተጫወቱ ስለተቀዱ ነው። ደግሞም በአልበሙ ላይ ያለው የባቲ ቅኝት ዘፈን በጣም ጥሩ ነው፤ ሳክስፎኑ ለድምፃዊቷ ቦታ ሰጥቷታል። በሬዲዮው ከበሮው ለማይክሮፎኑ በጣም ቀርቦ ክራሩን ሸፍኖት ነበር፤ እንዲያም ሆኖ አምባሰሉን የምመርጠው ከሬዲዮው ነው።

መልስ፣ ከሐይቅ፦
የቀጥታ ዝግጅት ቅጂ በየጣቢያው ለረጅም ጊዜ ላይቀመጥ ይችላል። ጠያቂያችን ደሴ ስለሆኑ፣ ባንዱን አስፈቅደው ፋይሉን ሳይጠፋ ቢጠይቁልን ትልቅ ውለታ ነው።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከማሲንቆ ተጫዋቹ ጋር ስለምንተዋወቅ በዚህ ሳምንት አነጋግረዋለሁ፤ ከተፈቀደልኝም ቅጂውን ምንም ሳይነካካ እንዳለ እንዲያወጡት እለምናቸዋለሁ።