ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ መድኃኒት በድሮን፦ ባለ ስድስት ሞተሩ ይበቃል?

ጠያቂ፦ ሽምብጥ

ሰላም ለሁላችሁ። ከባሕር ዳር ዘጌ ላለው ጤና ጣቢያ አስቸኳይ መድኃኒት ለማድረስ፣ በመልሱ ደግሞ የላቦራቶሪ ናሙና ለማምጣት የሙከራ ዕቅድ እየተዘጋጀ ነው። በሐይቁ ላይ ቀጥታው ሲለካ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጭነቱ ከነማሸጊያው 2 ኪሎ ነው።

ለግዢ የቀረበው ባለ ስድስት ሞተር ድሮን ነው። ከነጭነቱ 10 ኪሎ ይመዝናል፤ ባለ 6 ሴል፣ 22,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሆኑ ሁለት ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪዎች አሉት። የአምራቹ ወረቀት 40 ደቂቃ ይበራል፣ ፍጥነቱም በሰከንድ 12 ሜትር ነው ይላል። ሲባዛ 28.8 ኪሎ ሜትር ይመጣል፤ ደርሶ መልሱ 28 ነው። በወረቀት ይበቃል፤ ጣና ላይስ? ውሃ ላይ ሲበር የሚመጣ የተለየ ችግር ምንድን ነው? ፈቃዱስ ከየት ይጀመራል? ወደፊት ደቅ ደሴት ድረስ የማራዘም ሐሳብም አለ።

መልስ 1፦ ክንፍና ነፋስ

አይበቃም ወንድሜ። ነፋስ በሌለበት ቀን እንኳ አይበቃም፤ ስሌቱ ይኸው።

የአምራቹ ቁጥር የሚለካው በባሕር ወለልና በ15 ዲግሪ ሙቀት ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲሆን የአየሩ እፍግታ በሜትር ኩብ ከ1.225 ወደ 0.95 ኪሎ ይወርዳል። ለማንዣበብ የሚያስፈልገው ኃይል እፍግታው በቀነሰበት መጠን ካሬ ሥር ስለሚጨምር ጭማሪው 14 በመቶ ያህል ነው። ሁለቱ ባትሪዎች 976 ዋት ሰዓት ይይዛሉ፤ ሴሎቹ እንዳይጎዱ 80 በመቶውን ብቻ ብትጠቀም 780 ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው 40 ደቂቃ ማለት 1,170 ዋት ገደማ ማለት ነው፤ እኛ ጋ ሲመጣ 1,330 ይሆናል። ስለዚህ 35 ደቂቃ አለህ። ዝም ባለ አየር 28 ኪሎ ሜትር 39 ደቂቃ ይፈጃል። አለቀ።

ነፋሱን ጨምርበት። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ወደ ከተማው፣ ማለትም ከሰሜን በኩል የሚነፍሰውን ታንኳ የሚቀዝፍ ሁሉ ያውቀዋል። በሰከንድ 6 ሜትር ቢሆን ድሮኑ ወደ ዘጌ የሚገፋው በ6 ሜትር ብቻ ነው፤ መሄጃው ብቻውን 39 ደቂቃ ወሰደ ማለት ነው። ውሃው ላይ ትቀራለህ። ጠዋት ሄዶ ዘጌ ላይ ባትሪ ቀይሮ መመለስ በስሌት ይቻላል፤ ግን እዚያ የሠለጠነ ሰው፣ ቻርጀርና አንድ ሺህ ዋት የሚያወጣ አስተማማኝ መብራት ይጠይቃል። መብራት በጠፋ ቀን መስመሩ ይዘጋል።

የሚያዋጣው እንደ ሄሊኮፕተር ተነስቶ በክንፍ የሚጓዘው ቪቶል ነው። ለ12 ኪሎ ድሮን ለዕቅድ ያህል እነዚህን ቁጥሮች ያዝ፦ በክንፍ ሲጓዝ በሰከንድ 22 ሜትር በ350 ዋት፣ ሲያንዣብብ 2,400 ዋት። 14 ኪሎ ሜትሩን በ10 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ይጨርሳል፤ የሚበላው 62 ዋት ሰዓት ነው። ለመነሳት አንድ ደቂቃ፣ ለማረፍ አንድ ደቂቃ ብትል ግን 80 ዋት ሰዓት ሄደ። ልብ በል፦ ሐይቁን ከማቋረጥ ይልቅ ቁልቁል መውረድና ሽቅብ መውጣት ይበልጣል። ያው የ6 ሜትር ነፋስ በደርሶ መልሱ ላይ የሚጨምረው 10 ዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ማረፊያው ላይ ሰው ወይም ከብት ቆሞ ድሮኑ ሦስት ደቂቃ ካንዣበበ ግን 120 ዋት ሰዓት ይጠፋል። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከትልቅ ባትሪ በፊት ለታጠረና ለሚጠበቅ ማረፊያ አውሉት። ዘጌ የቡና ጫካ ነው፣ ዛፉ ረጃጅም ነው፤ ቁልቁል የሚወረድበት ርቀት ባጠረ ቁጥር ያተርፋል።

ስትገዛ ሁለት ነገር አስመርምር። አንደኛ፣ የማንሻ ሞተሮቹ ጉልበት። በባሕር ወለል ከክብደቱ 1.8 እጥፍ የሚያነሳ ድሮን በተመሳሳይ ዙር እዚህ 1.4 እጥፍ ብቻ ነው የሚያነሳው፤ በነፋስ ውስጥ ለማረፍ ጠባብ ነው። ሁለተኛ፣ የአየር ፍጥነት የሚለካው ፒቶ ቱቦ ይኑረው። በጂፒኤስ ፍጥነት ብቻ የሚመራ ድሮን ነፋስ ከኋላ ሲገፋው በቂ ፍጥነት ያለው ይመስለዋል፤ ክንፉ ግን አየር አጥቶ ይወድቃል። ቱቦውን ነፍሳትና የክረምት ዝናብ ይደፍኑታል፤ ድሮኑ በማይበርበት ጊዜ ሁሉ ክዳኑ አይለየው፣ ከመነሳቱ በፊትም እፍ ብሎ ቁጥሩ ሲንቀሳቀስ ማየት ነው።

አይሆንም የሚላችሁ ካለ ቪክቶሪያ ሐይቅን ጥቀሱለት። በ2018 ከምዋንዛ ወደ ኡኬሬዌ ደሴት 60 ኪሎ ሜትሩን እንዲህ ያለ ቪቶል በአማካይ በ40 ደቂቃ እየበረረ መድኃኒት አድርሷል። እንደኛው ደጋ የሆነችው ሩዋንዳም ከ2016 ጀምሮ ደም የምታደርሰው በባለ ክንፍ ድሮን ነው።

መልስ 2፦ አንቴና

ከላይ ባለው እስማማለሁ። ስለ ውሃው ልጨምር።

ወደ ታች በካሜራ እያየ ቦታውን የሚጠብቅ ድሮን ሐይቅ ላይ ይታለላል፤ ማዕበሉ ሲሄድ ራሱ የሄደ ይመስለዋል። ይህን ዳሳሽ ውሃው ላይ ማጥፋት ነው። በሌዘር ጨረር ርቀት የሚለካው ላይዳርም ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ጨረሩ ወደ ጎን ስለሚነጥር ብዙ ጊዜ ምላሽ ያጣል፤ የራዳር ከፍታ መለኪያ ይሻላል። ከፍታን ከአየር ግፊት የሚገምተው ባሮሜትር ብቻውን ለጉዞ ይበቃል፣ ለማረፍ አይበቃም፦ በዚህ ከፍታ የ1 ሄክቶ ፓስካል ለውጥ የ10 ሜትር ስህተት ነው።

ሬዲዮው፦ በ900 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ለ14 ኪሎ ሜትር ሞገዱ መሀል መንገድ ላይ 34 ሜትር ራዲየስ ያለው ክፍት ቦታ ይፈልጋል፤ ቢያንስ 60 በመቶው፣ ማለትም 20 ሜትሩ ከውሃው በላይ ይሁን። በ100 ሜትር ከፍታ ስትጓዝ ችግር የለም። ችግሩ የሚመጣው ድሮኑ ዘጌ ላይ ከዛፎቹ በታች ሲወርድ ነው፤ ከባሕር ዳር ያለው ግንኙነት በዚያች ቅጽበት ይቆረጣል። ማረፊያው ላይ ሁለተኛ አንቴናና የሠለጠነ ሰው አስቀምጡ፤ በተጨማሪም የሁለት ኔትወርክ ሲም ያለው ሞደም ይኑር። የሬዲዮው ድግግሞሽ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን መፈቀድ አለበት።

ግንኙነት ሲቋረጥ «ወደ ቤት ተመለስ» የሚለውን የፋብሪካ ትዕዛዝ እንዳለ አትተዉት። ከመንገዱ አጋማሽ ያለፈ ድሮን ወደ ዘጌ ይቀጥል፣ ያላለፈ ይመለስ። እውነተኛው የነፋስ አቅጣጫ ሲታይ አጋማሹ 7 ኪሎ ሜትር ላይ ላይሆን ይችላል፤ በዕለቱ ጠዋት ይሰላ።

ጠያቂ፦ ሽምብጥ

እጅግ አመሰግናለሁ። ባለ ስድስት ሞተሩን ከዕቅዱ እናወጣዋለን። ደቅስ በቪቶሉ ይደረሳል? ጭነቱ ውስጥ ክትባትም ይኖራል፤ ማቀዝቀዣውን እንዴት እናድርግ?

መልስ 3፦ ክንፍና ነፋስ

ደቅ ከባሕር ዳር ቀጥታ 38 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ጉዞ በክንፍ 168፣ ለማንሳትና ለማሳረፍ 80፣ በድምሩ 248 ዋት ሰዓት። ደርሶ መልሱ 496፤ ሩብ መጠባበቂያ ስትጨምር 620። ይደረሳል፣ ግን ዘጌ ላይ ሳትጠግቡ አትሞክሩት።

መልስ 4፦ ቀዝቃዛ ሳጥን

ክትባት የሚበላሸው በሙቀት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፔንታቫለንት (አምስት በሽታ የሚከላከለው)፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ቴታነስ አንዴ ከቀዘቀዙና በረዶ ከሆኑ አይመለሱም። ከፍሪዘር የወጣን አይስ ፓክ በቀጥታ ሳጥን ውስጥ መክተት የተለመደ ጥፋት ነው። ውጭ አስቀምጡት፤ ሲነቀነቅ ውስጡ ውሃ መንቀሳቀሱ ሲሰማ ብቻ ይግባ። ክትባትም፣ ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም የሚያቆመው ኦክሲቶሲንም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚጠበቁት። የሙቀት መመዝገቢያ ከክትባቱ መሀል ይቀመጥ፣ ከክዳኑ ሥር አይደለም።

ክብደቱን አስቡ። አንዱ ባለ 0.4 ሊትር አይስ ፓክ 400 ግራም ነው፤ አራት ካደረጋችሁ ለመድኃኒቱ ከማሸጊያው ጋር የቀረው 400 ግራም ብቻ ነው። ለ11 ደቂቃ በረራ ሁለት ይበቃል፤ የሚጎዳው በረራው ሳይሆን ሳጥኑ ሜዳ ላይ ፀሐይ ላይ ፈቃድ ሲጠብቅ የሚያሳልፈው ጊዜ ነው። ጥላ ሥሩ፣ ጭነቱን የመጨረሻ ደቂቃ ላይ ጫኑ።

ናሙናው ሦስት እርከን ማሸጊያ ይፈልጋል፦ የማያፈስ ቱቦ፣ ቱቦው ቢሰበር ፈሳሹን ሁሉ የሚመጥ ነገር፣ የማያፈስ ሁለተኛ ዕቃ፣ በመጨረሻ ጠንካራ ውጫዊ ሳጥን፤ ላዩ ላይ የዩኤን 3373 (የሕመምተኛ ናሙና) ምልክት። ናሙና የተመለሰበት ሳጥን ሳይጸዳ ክትባት አይያዝበት።

ለሁሉም ነገር ድሮን አትፈልጉ። የወሩን መደበኛ ክትባትና ጓንት ጀልባ በርካሽ ያደርሰዋል። ድሮኑ ለምትደማ እናት ኦክሲቶሲን፣ ለእባብ ንድፊያ መድኃኒት፣ ውጤቱ ዛሬ ለሚፈለግ ናሙና ይቆይ።

መልስ 5፦ አንቴና

ፈቃዱን ማንም ስላልነካው። ግዢው ከፈቃዱ መቅደም የለበትም። የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንና የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ሳያውቁት የገባ ድሮን ጉምሩክ ላይ ይቀራል። ማመልከቻው የድሮኑን መለያ ቁጥር፣ መስመሩን በካርታ፣ ከፍታውን፣ ሰዓቱንና ግንኙነት ሲቋረጥ የሚያደርገውን ይያዝ።

የደጃዝማች በላይ ዘለቀ አየር ማረፊያ ከከተማው ምዕራብ ነው፤ የማኮብኮቢያው ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ወደ ሐይቁ ያመለክታል። ከመሀል ከተማ ወደ ዘጌ የሚሄደው ቀጥታ መስመር የአውሮፕላኖቹን መውረጃ ያቋርጣል። ከማኮብኮቢያው 5 ኪሎ ሜትር ላይ በ3 ዲግሪ የሚወርድ አውሮፕላን ያለው 260 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ የእናንተ ድሮን በ100 ሜትር። ይህን ልዩነት በቂ ነው ብላችሁ ራሳችሁ አትወስኑ። ከአየር ማረፊያው መቆጣጠሪያ ማማ ጋር የስልክ መስመርና «አሁን አትነሱ» የሚባልበት ስምምነት ይኑር።

የሚቀጥለውን በጣም በጥንቃቄ አንብቡልኝ። በዚህ ክልል ሰው የድሮን ድምፅ ሲሰማ ወደ አእምሮው የሚመጣው መድኃኒት አይደለም። ሕፃናትና አረጋውያን ይደነግጣሉ፤ የታጠቀ ሰውም ሊተኩስ ይችላል። ቀበሌው፣ የገዳማቱ አባቶች፣ የጀልባ ማኅበሩ፣ ዓሣ አስጋሪዎቹና የጸጥታ አካላቱ ድሮኑን በእጃቸው ነክተው፣ ቀለሙንና የሚበርበትን ሰዓት አውቀው ካልተስማሙ አንድም በረራ አይደረግ። ካሜራ ባይኖረው ይመረጣል። በቅዳሴ ሰዓት በገዳማቱ ላይ አይለፍ። ሁኔታው ካልፈቀደ ዕቅዱ ይጠብቅ፤ ጀልባው አለ።

ጭላትና ፔሊካን በዓሣ ገበያው ዙሪያ ይበዛሉ፤ መነሻውን ከዚያ አርቁ። ባትሪዎቹ እያንዳንዳቸው ከ160 ዋት ሰዓት በላይ ስለሆኑ በመንገደኛ አውሮፕላን አይሳፈሩም፤ ከአዲስ አበባ በመኪና ይምጡ፣ ሴሉ 3.8 ቮልት (ግማሽ ገደማ ተሞልቶ) ላይ ሆኖ። ውሃ ውስጥ የወደቀ ባትሪ ደርቆ ቢሠራም አይበር፤ ከቤት ርቆ፣ አሸዋ ላይ ይቀመጥ። ክንፉን ብርቱካንማ ቀቡት፤ ደንገል ወይም እምቦጭ ውስጥ የገባ ነጭ ድሮን ከጀልባ አይታይም።