አክስቴን ያከሟትን ዶክተር ካትሪን ሃምሊንን በቅርብ የምታውቁ አላችሁ?

የእቴቴ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ያሳደገችኝ አክስቴ፣ እኛ ቤት እቴቴ የምንላት፣ ባለፈው ጥቅምት ዐረፈች። ከአርባዋ በኋላ ሳጥኗን ስንከፍት ከነጠላዎቿ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ አበባ አበባ ቀሚስ አገኘን። ቀለሙ ለቋል፣ ብብቱ ሁለት ቦታ ተጠግኗል። እናቴ ስታየው መሬት ቁጭ ብላ አለቀሰች። «ይሄ እኮ ከፊስቱላ ሆስፒታል ስትወጣ የሰጧት ነው» አለችኝ።

ታሪኩን የማውቀው በቁርጥራጭ ነው። በ15 ዓመቷ ተዳረች፣ በዓመቱ አረገዘች፣ አራት ቀን አምጣ ልጁ ሞቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሽንቷ አልቆም አለ። የባሏ ቤተሰቦች ከበረቱ ጎን ጎጆ ቀልሰውላት ሁለት ክረምት ለብቻዋ አደረች። አያቴ ሰምቶ ሊያሳክማት ይዟት ሲመጣ፣ ተሳፋሪው «ሸተተን» ብሎ ከአውቶቡስ አስወርዷቸው ደጀን ላይ ሌላ መኪና ሲጠብቁ አድረዋል። ይህን የሚያወራው አያቴ ነበር። እሷ ስለ መንገዱ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «እማዬ ካትሪን አልጋዬ ላይ ቁጭ ብላ እጄን ያዘችኝ። ሰው አጠገቤ ከተቀመጠ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር።»

ለሙት ዓመቷ ዘመድ ሲሰበሰብ ስለ እሷ እኔ እንድናገር ተወስኗል። አጎቶቼ ግን ዛሬም ነገሩ እርግማን ይመስላቸዋል፤ በፊታቸው ቆሜ መሳሳት አልፈልግም። ሕመሙ በትክክል ምን ነበር? ሐኪሟስ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ? እዚያ የሠራችሁ ወይም የታከማችሁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ።

ጡረተኛዋ ሲስተር፦

ነፍሷን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልሽ፣ ልጄ። እዚያ ዋርድ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ቀሚሱን ስታነሺ እኔም እንደ እናትሽ ነው የሆንኩት። ድና የምትወጣ ሴት ሁሉ አዲስ ቀሚስና የመሳፈሪያ ገንዘብ ይሰጣት ነበር። ሕክምናውም በነፃ ነው። ቀሚሱን የለበሱ ቀን ከግቢው ለመውጣት የሚቸኩሉት ጥቂት ነበሩ፤ መጀመሪያ እየዞሩ ለጓደኞቻቸው ያሳያሉ።

ለአጎቶችሽ እንዲህ በያቸው። ምጥ መንገድ ሲያጣ የሕፃኑ ጭንቅላት ከእናትየዋ የዳሌ አጥንት ጋር ይገጥምና መሐል ያለውን ስስ ሥጋ ይጫነዋል። ጫናው የሰዓት ሳይሆን የቀናት ነው። ደም ያልደረሰው ሥጋ ደግሞ ይሞታል። ከወለደች ከጥቂት ቀን በኋላ የሞተው ሥጋ ይረግፍና በሽንት ፊኛውና በመውለጃው መንገድ መሐል ቀዳዳ ይቀራል፤ ፊስቱላ የሚባለው ይህ ነው። ሽንቱ በዚያ ቀን ከሌት ይፈሳል። በጊዜው ኦፕሬሽን የሚሠራላት ሐኪም ቢኖር ኖሮ ልጁም ይተርፍ፣ እሷም ጤነኛ ትሆን ነበር። እርግማን ቢሆን በክር አይሰፋም።

ስፌቱ የሚሠራው ከወገብ በታች አደንዝዞ ነው። ልጅቷ አትተኛም፣ ትሰማለች፣ ትናገራለች። ከዚያ ለሁለት ሳምንት ያህል ቱቦ ይገባላትና ውሃ ጠጪ፣ ውሃ ጠጪ እንላታለን። ቱቦው ከተዘጋ ፊኛው ይሞላና ስፌቱን ይፈታዋል። ሌሊት ተረኛ ስሆን መብራት ሳላበራ ከአልጋ አልጋ እየሄድኩ ጠብታውን አዳምጥ ነበር። ጠብ ጠብ ካለ ደህና ነው፤ ዝም ካለ እሮጣለሁ።

ዶክተር ካትሪን ረዥም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ነበሩ። አውስትራሊያዊት ናቸው። ከባለቤታቸው ከዶክተር ሬጂናልድ ጋር በ1951 ዓ.ም. የመጡት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ሊከፍቱ፣ ለ3 ዓመት ውል ነበር። እነዚህን ልጆች አዩና ቀሩ። የራሳቸውን ፊስቱላ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1974 ከፈቱ። ባለቤታቸው በ1985 ዓ.ም. ሲሞቱ አገራቸው መመለስ ይችሉ ነበር፤ እሳቸው ግን እዚያው ግቢ ውስጥ ከቤታቸው ዋርድ፣ ከዋርድ ቤታቸው ሲመላለሱ ኖሩ። ዕድሜያቸው ዘጠና አካባቢ ሆኖ እንኳ ኦፕሬሽን ይሠሩ ነበር።

አክስትሽ ስለ እጅ ያለችው እውነት ነው። አዲስ የመጣች ልጅ ግድግዳ ተለጥፋ ትቆማለች፣ እግሯ ሥር ይጠራቀማል፣ በነጠላዋ ልትሸፍነው ትሞክራለች። ሁላችንም ዓይናችን ወደ ወለሉ ይሄዳል፤ ወጣት ሳለሁ የእኔም ይሄድ ነበር። የእሳቸው ዓይን ፊቷ ላይ ነው የሚያርፈው። ከዚያ እጇን ይይዛሉ። ወለሉን የሚወለውለው ሰው የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው። እኔም ይህን ከእሳቸው ተምሬ፣ እስክወጣ ድረስ መጀመሪያ እጅ እይዝ ነበር።

ሁሉም ግን አልዳኑም። ይህን ሳልነግርሽ ብቀር ያሳፍረኛል። ፊኛቸው ከስፌት ያለፈ ነበሩ፤ ተሰፍቶላቸው ቱቦው በወጣ ማግስት አንሶላቸው ረጥቦ ያገኘናቸው ነበሩ። ለእነሱ ነው ከከተማ ወጣ ብሎ ደስታ መንደር የተሠራው፤ እየኖሩ ሙያ እንዲማሩ፣ እየሠሩ እንዲያድሩ። የዳነችውን መሸኘትማ ማንም ይወዳል። ያልዳነችዋን ዶክተር እንዴት እንደሚያቅፏት ብታዪ!

ያረፉት መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፣ በ96 ዓመታቸው፣ ቤታቸው ውስጥ። ኮሮና አገራችን ከገባ አምስተኛ ቀኑ ነበር። ልጆቼ ፈርተውልኝ ከቤት አላስወጣ ስላሉኝ ቀብራቸው ላይ አልቆምኩም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

አዋላጅዋ፦

እኔ በአካል አግኝቻቸው አላውቅም፤ ግን እ.ኤ.አ. በ2007 ባቋቋሙት የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ነው የተማርኩት። ከገጠር መልምለው አስተምረው ወደ መጣንበት አካባቢ ይመልሱናል። ባለፈው ክረምት ሌሊት አንዲት የ17 ዓመት ልጅ መጣችብኝ። የምጡን ሂደት መከታተያ ወረቀት ላይ መስመሩ አልሄድ ሲል አልጠበቅኩም፣ አምቡላንስ ጠራሁ። በኦፕሬሽን ተገላገለች። በሳምንቱ ልጇን አዝላ ሰላም ልትለኝ መጣች፣ ቀሚሷ ደረቅ ነው። እቴቴን እንደ አንቺ አላውቃትም፤ ግን ለአጎቶችሽ ስትናገሪ የእኔንም ልጅ ጨምሪልኝ።

ከአዲስ አበባ፦

ማሚቱ ጋሼን አንርሳ እንጂ! እሷም እንደ እቴቴ በሕመም መጥታ ነው። ማንበብና መጻፍ አትችልም ነበር። አልጋ በማንጠፍ ጀምራ፣ ኦፕሬሽን ላይ ዕቃ እያቀበለች፣ በመጨረሻ መርፌውን ራሷ ይዛ ስንቱን ሐኪም አስተማረች። እ.ኤ.አ. በ1989 ለንደን ያለው የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ለባልና ሚስቱ የወርቅ ሜዳሊያ ሲሸልም ለእሷም አብሮ ነው የሰጠው። ለእኔ የዶክተር ካትሪን ደግነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ያቺን ልጅ አዝነውላት ብቻ አልተዉአትም፣ መርፌውን አቀበሏት።

ጡረተኛዋ ሲስተር፦

እውነትሽን ነው። ከእኛ ጋር ዋርድ ውስጥ ከሚረዱት ብዙዎቹም የድሮ ታካሚዎች ነበሩ። አዲሷ ልጅ እኛን ነጭ ለባሾቹን ብትፈራ እንኳ እነሱን ታምናለች።

የእቴቴ ልጅ፦

የጻፋችሁትን ዛሬ ጠዋት ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ውሃው ላይ ስደርስ «ቆይ» ብላ አስቆመችኝ። እቴቴ ዕድሜዋን ሙሉ ራስጌዋ ውሃ ሳታስቀምጥ አትተኛም ነበር። ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ተነስታ ትጠጣለች፤ እኛ ስኳር ይሆን እያልን ሁለቴ አስመርምረናታል። ስንጠይቃት «አደራ ተብያለሁ» ትለን ነበር። ማን አደራ እንዳላት ጠይቀናት አናውቅም።