ሕፃኑ የቫይታሚን ኤ እንክብል ከወሰደ በኋላ ምን እንመግበው?

ጥያቄ፦ እናት ከጅማ

ሰላም ለሁላችሁም። የዘጠኝ ወር ልጄን ባለፈው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ወስጄው የቫይታሚን ኤ እንክብል ጫፉ ተቆርጦ አፉ ውስጥ ተጨምቆለታል። አማቴ «መድኃኒቱን ከወሰደ ስለ ምግቡ አትጨነቂ፤ አጥሚቱ ይበቃዋል» ይሉኛል። እኔ ግን በቫይታሚን ኤ እጥረት የሚመጣው ዳፍንት ይዟቸው ሲመሽ ግድግዳ እየዳበሱ የሚሄዱ ልጆችን ስላየሁ ልቤ አላረፈም። በጓሯችን ጎመን፣ ፓፓያና አቮካዶ ቢኖርም አብዛኛው ለገበያ ይወጣል። ልጄን አሁንም አጠባለሁ። ለእሱም ለእኔም የሚጠቅመው የትኛው ምግብ ነው? እንዴትስ ይዘጋጃል?

መልስ፦ የሥነ ምግብ ባለሙያ

ስጋትዎ ተገቢ ነው። ከ6 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን 100,000 ዩኒት፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ደግሞ እስከ አምስት ዓመቱ በየስድስት ወሩ 200,000 ዩኒት ይሰጣል። ሰውነት ይህን በጉበት አጠራቅሞ ቀስ በቀስ ይጠቀምበታል፤ በየዕለቱ የሚተካው ምግብ ከሌለ ግን ቀጣዩ ዙር ሳይደርስ ክምችቱ ሊመናመን ይችላል። በዚያ ላይ እንክብሉ ብረትም ሆነ ዚንክ የለውም። እነዚህን የሚያገኘው ከምግብ ነው።

በጡት ወተት ውስጥ ያለው የቫይታሚን ኤ መጠን የእናቲቱን አመጋገብ ይከተላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለወለዱ እናቶች እንክብሉ እንዲሰጥ ስለማይመክር፣ የእርስዎ ዋና ምንጭ ማዕድዎ ነው። በጎመን፣ በካሮት፣ በዱባና በፓፓያ ያለውን ቤታ ካሮቲን (ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረውን ንጥረ ነገር) ሰውነት በሚገባ የሚወስደው ቅባት ሲያገኝ ነው፤ ስለዚህ ጎመኑን ያለ ዘይት ቀቅሎ ማቅረብ ከጥቅሙ ብዙውን ያስቀራል። የእንቁላል አስኳልና ቅቤ በተፈጥሯቸው ቅባት ስላላቸው በዚህ አያስቸግሩም። ጉበትም እጅግ የበለጸገ ነው፤ ዳግም ካረገዙ ግን አያዘውትሩት፣ የበዛ ቫይታሚን ኤ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላልና።

መልስ፦ የግብርና ባለሙያ

በእኔ እምነት ለጓሮ ከሚመረጡት ቀዳሚው ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ስኳር ድንች ነው። ነጩ ሆድ ይሞላል እንጂ ቤታ ካሮቲን የለውም ማለት ይቻላል፤ የብርቱካናማው አንድ መካከለኛ ሥር ግን የአንድ ትንሽ ልጅ የዕለት ፍላጎት ይሸፍናል። «ኩልፎ» እና «ቱላ» የተባሉት ዝርያዎች በአገራችን ተለቀዋል። የሚተከለው ሐረጉ ስለሆነ ከአንድ ጎረቤት ቆርጦ መውሰድ ይቻላል። ከነልጣጩ፣ ድስቱ ተከድኖ ይቀቀል። ለማድረቅ ከተፈለገም በጥላ ይሁን፤ ፀሐይ ቀለሙንም ቫይታሚኑንም ያጠፋል።

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት ከማና

እህቴ፣ አጥሚት ቀጭን በመሆኑ የሕፃኑን ሆድ ቶሎ ይሞላል፣ ጉልበት ግን አይሰጠውም። እኔ ገንፎውን ከማንኪያ እንዳይፈስ አድርጌ አወፍራለሁ፤ የተቀቀለ ዱባ ወይም ካሮት በሹካ አልሜ እጨምርበታለሁ፣ በደንብ የበሰለ የእንቁላል አስኳል ፈርፍሬ በጥቂት ዘይት አዋህደዋለሁ። አቮካዶ ራሱ በቫይታሚን ኤ የበለጸገ ባይሆንም ቅባቱ የበሰለ ፓፓያን ወይም ማንጎን ጥቅም ስለሚያጎላ፣ ሁለቱን አብራችሁ አልማችሁ ስጡት። ለገበያ ከመጫናችን በፊት የልጆቹን ድርሻ ለይተን ማስቀመጥ ልማድ ካደረግን ወዲህ ስለሚቀርላቸው ነገር መከራከር ቀርቷል።

ጠያቂዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። ከምሳ በኋላ ወዲያው ቡና እጠጣለሁ፤ ይህ ይጎዳኝ ይሆን?

የሥነ ምግብ ባለሙያው፦

ቡናም ሻይም ከጎመንና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋሉ። ቡናውን ከምግቡ ቢያንስ በአንድ ሰዓት ያዘግዩት፤ ከምሳው ጋር ደግሞ ቫይታሚን ሲ ያላቸውን ፓፓያ ወይም ዘይቱን (ጓቫ) ይብሉ። ለሕፃኑ ግን ቡናም ሻይም በማንኪያ እንኳ አይቅመስ።