ካምፓላ የመጀመሪያ ገናችን ነው፣ እንዴት ታከብሩታላችሁ?

አዲስ ገቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በመስከረም መጨረሻ ነው ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ለሥራ ዩጋንዳ፣ ካምፓላ የገባነው። ኑሮው ተመችቶናል፣ ሰዉም ደግ ነው። ገናን ሳስብ ግን ሆዴ ይባባል።

ዘንድሮ ታህሣሥ 29 ረቡዕ ነው የሚውለው፣ እዚህ ደግሞ የሥራ ቀን ነው። ከተማው የሚያከብረው በፈረንጆቹ ዲሴምበር 25 ነው። ያ ለእኛ ታህሣሥ 16 ነው፣ ጾም ላይ ነን። ጎረቤታችን ከአሁኑ «ገናን ከእኛ ጋር ነው የምትበሉት» ብላናለች። እምቢ ብላት ትከፋለች፣ ጾሜንም መግደፍ አልፈልግም።

አየሩም በዓል በዓል አይለኝም። አዲስ አበባ እኮ የታህሣሥ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ከቅዳሴ ስንወጣ ጋቢያችንን እስከ አፍንጫችን ተከናንበን ነው፣ ቤት ስንገባ ደግሞ የዶሮው ሽታና የከሰሉ ሙቀት ይቀበለናል። እዚህ አንሶላ ብቻ ለብሰን ነው የምናድረው። የ6 ዓመቷ ልጄ «ካልበረደ ገና እንዴት ይመጣል?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?

ሊጡም አስቸግሮኛል። እንደ ሀገር ቤት 3 ቀን አቆየዋለሁ፣ ኮምጥጦ አፍ አይገባም። ዶሮስ ከየት ነው የምትገዙት? ቄጠማስ ይገኛል?

የጎንደሯ፦
እንኳን ደህና መጣችሁ እህቴ። እኔ እዚህ 11 ዓመቴ ነው። የመጀመሪያውን ገና አልቅሼ ነው ያሳለፍኩት፣ ስለዚህ ስሜትሽ ይገባኛል።

ከሊጡ ልጀምር። 3 ቀን አታቆዪው! አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ካምፓላ 1,200 ገደማ። ሙቀቱ ሊጡን ያጣድፈዋል። እኔ እርሾውን ቀነስ አድርጌ ማታ አቦካለሁ፣ በማግስቱ ማታ ከላይ የተንሳፈፈውን ውሃ ቀድቼ እደፋለሁ፣ አብሲት እጥላለሁ፣ ኩፍ እንዳለ እጋግራለሁ። ጤፉን ካባላጋላ ሰፈር ከእኛ ሰዎች ሱቅ ታገኛለሽ፣ ግን ውድ ነው። ስለዚህ ዳጉሳ ቀላቅይበት። ዳጉሳ እዚህ የሀገሬው እህል ነው፣ የትም ገበያ አይጠፋም። ሁለት እጅ ጤፍ፣ አንድ እጅ ዳጉሳ። ጠቆር ይላል እንጂ ዓይኑ ቆንጆ ነው፣ የጎጃም ሰው ካለ ይመሰክርልኛል።

ዶሮውን ታርዶ የተዘጋጀውን አትግዢ፣ ቁሌቱ ላይ ገና ሳይቆይ ይፈራርሳል። እነሱ «ሎካል» የሚሉትን፣ የሀበሻ ዶሮ የሚመስለውን፣ ከነነፍሱ ግዢ። ገበያ ላይ የሚያርዱት ብዙ ጊዜ ሙስሊሞች ናቸው፣ ስለዚህ ባለቤትሽ ቤት ይረድልሽ። ቅቤም አታስቢ። ከአንኮሌ፣ ከከብት አርቢዎቹ ሀገር የሚመጣ ጥሩ ቅቤ አለ። ኮረሪማና ኮሰረት ብቻ ከሀገር ቤት አስመጪ።

ቡና ስትገዢ ከኤልጎን ተራራ የሚመጣውን ጥሬ አረቢካ ጠይቂ። እዚህ በብዛት ያለው ሮቡስታ ነው፣ ለጀበና ይመርራል።

ቄጠማ ያልሽው ደግሞ ደስ ይላል። ካምፓላ ዙሪያ ረግረጉ ሁሉ ደንገል ነው፣ ያ የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገል። ጫፉ ላይ እንደ ፀጉር የተበተነውን ለጋውን ቆርጠን ነው የምናነጥፈው። ሻይ ውስጥ የሚጨምሩት ጠጅ ሳርም በየግቢው አለ፣ ትንሽ ጣል አድርጊበት። ጠዋት በባዶ እግርሽ ስትረግጪው ይቀዘቅዛል፣ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። እኔ እዚያ ላይ ነው ገና መጣ የምለው።

ኤሌክትሪክ ሠሪው፦
የጎንደሯ ሁሉንም ብላዋለች። አንድ ነገር ልጨምር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ይዘሽ መጥተሽ ከሆነ በተራው ሶኬት እንዳትሰኪው። ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፣ የዚህ ሀገር ባለ ሦስት ጥርስ ሶኬት 13 አምፒር ነው። ይግላል፣ ይቀልጣል። ለብቻው ወፍራም መስመር አዘርጊለት። ካርዱንም ቀድመሽ ሙይ፣ ሊጥሽ ኩፍ ብሎ መብራት ቢያልቅብሽ ያሳዝናል። ለወጡ ሲጊሪ፣ የእነሱ የከሰል ምድጃ፣ ይሻልሻል።

ከሙዬንጋ፦
እኔ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ረቡዕ ሥራ ነው፣ ሁሉም ይቸኩላል። እኛ ባለፉት ዓመታት በዓሉን ወደ ቅዳሜ እያዞርን ነው የምናከብረው። እንግዳም ይመጣል፣ ሰው ዘና ብሎ ይበላል። ደግሞስ ረቡዕ ጾም አይደል እንዴ?

የሁለት ልጆች እናት፦
ከሙዬንጋ፣ ወንድሜ አትቀየመኝ፣ አልስማማም። ገናና ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውሉ አይጾምም፣ ይፈሰካል። ቅዳሜ እንግዳ ጥሩ፣ የልደት ሌሊት ግን የልደት ሌሊት ነው። ልጅ የሚያስታውሰው ድግሱን ብቻ አይደለም፣ ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ነጭ አልብሰው ሌሊት ይዘውት መውጣታቸውን ነው። እዚህ ደግሞ የትምህርት ዘመኑ የሚጀምረው በፌብሩዋሪ ስለሆነ ልጆቹ እረፍት ላይ ናቸው፣ ሌሊቱን ቢያመሹም ጠዋት ይተኛሉ። እኔ በጥቅምት ነው ከመሥሪያ ቤቴ ለታህሣሥ 29 የዓመት ፈቃድ የምጠይቀው። በዓላችን መሆኑን ስነግራቸው ከልክለውኝ አያውቁም።

አዲስ ገቢ፣ የጎረቤትሽን ግብዣ እንዳትተዪው። እኔም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኝ ነበር። ቀደም ብዬ ሄጄ ነገርኳት፦ «እኛ አሁን ጾም ላይ ነን፣ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል አንበላም፣ ገናችን ከእናንተ 13 ቀን በኋላ ነው» አልኳት። በደንብ ነው የገባት። በዕለቱ ስንሄድ ለእኛ ለብቻው እንጉዳይ የገባበት የኦቾሎኒ ሉዎምቦ፣ በእንፋሎት የሚበስል የሀገሬው ወጥ፣ በሙዝ ቅጠል አስራ አዘጋጅታ ነበር። ቅጠሉን ስትፈታው እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ፣ እስካሁን አልረሳውም። ማቶኬ (የተቀቀለ ጥሬ ሙዝ)፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ሁሉም የጾም ነው። እነሱ ዶሮ ሲበሉ እኛ አንድም ነገር አልጎደለብንም። በ29 እኔ ደግሞ ዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ፣ እንጀራውን ጠቅልዬ ወሰድኩላት። አሁን በየዓመቱ ቀኑን እሷ ናት የምታስታውሰኝ።

ብቻ ጎረቤትሽ ካምፓላ ትውል እንደሆነ ጠይቂያት። በዲሴምበር ሰው ሁሉ ወደ ትውልድ መንደሩ ስለሚሄድ ከተማው ጭር ይላል።

አዲስ ገቢ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ እንባዬ ነው የመጣው። የኦቾሎኒ ወጡን አላሰብኩትም ነበር፣ ነገ ሄጄ እነግራታለሁ። ሊጡን ዛሬ ማታ በዳጉሳ ልሞክረው ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ሌሊት ቤተ ክርስቲያን መሄድ እንፈልጋለን፣ ግን መኪና የለንም፣ በሌሊት ሁለት ልጅ ይዞ ቦዳ ቦዳ፣ የሞተር ሳይክል ታክሲ፣ ላይ መውጣት ያስፈራኛል።

የጎንደሯ፦
ምን ቦዳ ቦዳ አመጣው! እኛ በሰፊ መኪና ነው የምንሄደው። ሰፈርሽን በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ በ28 ማታ 2 ሰዓት ላይ መጥተን እንወስዳችኋለን። ቅዳሴው እንዳለቀ ከእኛ ጋር ትፈስካላችሁ፣ ጠዋት ወደ ቤታችሁ እናደርሳችኋለን። ለትንሿ ነጠላ ያዢላት። ሊነጋጋ ሲል ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ንፋስ ይበርዳል፣ «ይኸው፣ ገና መጣ» በያት።