ጎንደር ቤት ልከራይ ነው፣ የትኛው ክፍለ ከተማ ይሻለኛል?

ሰላም የጎንደር ልጆች፣ እባካችሁ እርዱኝ። ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደር ልንዛወር ነው፤ እኔ፣ ልጆቼና እናቴ። እናቴ ስኳር አለባት፣ ክትትሏ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ነው፣ ዋናው ጭንቀቴም እሱ ነው።

ክፍለ ከተማዎቹን በስም አውቃቸዋለሁ፤ አራዳ፣ ፋሲል፣ ጃንተከል፣ ዞብል፣ ማራኪ፣ አዘዞ። ግን የቱ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አልለይ አለኝ። ደላላው የሚያወራኝ በሰፈር ስም ነው፣ ዘመድ ደግሞ በድሮው የቀበሌ ቁጥር፣ እኔ መሸኛዬን ይዤ የምሄደው ግን ወደ አንድ ቀበሌ ስለሆነ መታወቂያውም ሌላውም ጉዳይ ከዚያው ጋር ተያይዞ ይቀራል፤ ስለዚህ ቤቱን ሳልይዝ በፊት በደንብ ማወቅ አለብኝ።

አዘዞ ኪራይ ረከስ ይላል አሉኝ። ደስ ይላል፣ ግን ከፒያሳ ሩቅ ነው፤ ሌሊት እናቴን ቢያማት ባጃጅ አገኛለሁ? ማራኪ ካምፓስ ስላለ ተማሪው ይበዛል፤ ለቤተሰብ የሚሆን ግቢ ይገኛል? አራዳ ለገበያ ይመቻል፣ ለልጆች መጫወቻስ?

ከሁሉም በላይ ውሃውን ንገሩኝ። በየሰፈራችሁ በሳምንት ስንቴ ይመጣል? ሮቶ የሌለው ቤት ብይዝ እቸገራለሁ? ጤና ጣቢያና የመንግሥት ትምህርት ቤት በእግር የሚደረስበት የቱ ጋ ነው?

የምትኖሩበትን ሰፈር ከነክፍለ ከተማው ጻፉልኝ፣ መጥፎውንም ሳትደብቁ። በዚህ ወር መጨረሻ ቤት መያዝ አለብኝ።